ከባናው ሥር ያለ እጅ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል፤ ድምፄ ከጎረነነ ለዚያ ነው።

ስለ ንዴት ላወራችሁ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ክረምቱን መንዝ፣ አያቴ ዘንድ ልከርም ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወደ ገብስ ማሳችን አንድ ፈር ገፍቶ አረሰ። አንዲት ፈር! ለገበሬ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ነው። ደሜ ፈላ። ከበሩ ጀርባ የቆመውን ዱላ ይዤ ስወጣ፣ አያቴ ባናቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው?»

«ላናግረው ነው፣ አባባ።»

«በዱላ?»

ዝም አልኩ።

«ግባና ተኛ። ነገ ሽማግሌ እንልክበታለን።»

ፈሪ መሰሉኝ። ያኔ ባናው ከትከሻቸው ሸርተት ሲል እጃቸውን አየሁት። ጨብጠውታል። ይንቀጠቀጣል። ጥርሳቸውንም ነክሰዋል። ለካ እሳቸውም የተናደዱት ከእኔ ባላነሰ ነው።

ብዙ ካነበብኩ በኋላ ነው ያ እጅ የገባኝ። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ መጠናቸው የለውዝ ፍሬ ቢያክል ነው። አደጋ ወይም ጥቃት ሲሸታቸው ቶሎ ይነሳሉ። ልጓሙን የሚይዘው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው። እሱ ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። እኔ ያኔ ፈረሱ ነበረኝ፣ ልጓሙ ገና ነበር።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ኤዲ ሃርመን-ጆንስ እና ጆን አለን በፈረንጆቹ 1998 ባሳተሙት ጥናት የወጣቶችን የአንጎል ኤሌክትሪክ ለኩ። ቁጡ የሆኑት ልጆች አርፈው በተቀመጡበት እንኳ የግራው ግንባር እንቅስቃሴ ከቀኙ በልጦ ተገኘ። ይህ ወገን ወደ አንድ ነገር ስንሄድ የሚነቃ ነው። ፍርሃት ወደ ኋላ ይጎትተናል፣ ንዴት ግን ወደ ሰውየው ይገፋናል። እግሬ ወደ በሩ የሮጠው ለካ ወዶ አይደለም።

«ግባና ተኛ» ያሉኝም እንዲሁ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2007 የታተመ ጥናት፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ሰዎች መጥፎ ምስል ሲያዩ አሚግዳላቸው ከተኙት ከ60 በመቶ በላይ አብዝቶ እንደሚነሳ አሳይቷል። ከልጓሙ ጋር ያለው ግንኙነትም ይላላል። አረቄም ይህንኑ ልጓም ያላላል። እኛ አገር ደግሞ ንዴትና አረቄ አንድ መደብ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ልጆቻችንን «አትናደድ» እንላለን። እኔ አልስማማም። አያቴ ተናደው ነበር። እጃቸውን ግን ይዘውታል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወሰኑን ረግጠው የድንበሩን ድንጋይ መልሰው ተከሉ። አያቴ ፊታቸው አልተፈታም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም ነው እጃቸው ከባናው የወጣው። ትከሻውን ይዘው አነሱት።