ጠመዝማዛው አፈሙዝና ድቃቂው እርሳስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬዬ ከባሩድና ከእርሳስ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኝ ነበርና እሱን ላካፍላችሁ።

የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው። እዚህ ከገና በዓላቸው በኋላ፣ ባልጩት ድንጋይ ብረት ላይ ተጭሮ ባሩዱን በሚያቀጣጥልበት የጥንት ጠመንጃ አጋዘን የሚታደንበት ወቅት አለ። ከነዚህ አንዱ፣ የፔንሲልቬንያ ረጅም ጠመንጃ የሚባለው፣ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ ጀርመናውያን ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው ያሳደጉት። የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። መጀመሪያ ባሩድ ይጨመራል፤ ከዚያ ድብልብሉ እርሳስ ስብ በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ይጠቀጠቃል። የቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው ጨርቁ ቦዩን ይዞ እርሳሱን እያሽከረከረ ያስወጣዋል። ጥይቱ አየር ላይ አቅጣጫውን ሳይስት የሚሄደው በመሽከርከሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ያ የጥንት ገበሬ፣ ቤቱ ያለችው ጠመንጃ አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ወፍ ከፊቱ ብድግ ሲልበት ምን ያደርግ ነበር? በዚያው ጠመዝማዛ አፈሙዝ ድቃቂ የእርሳስ ፍሬ አጉርሶ መተኮስ አይችልም ነበር?

መተኮስስ ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ላይ 20 ሜትር ርቄ ሰፊ ቡናማ ወረቀት ዘረጋሁ፤ መሀሉ ላይ ወፍ ሣልኩ። ባሩዱ ላይ ወፍራም የሱፍ ውታፍ፣ ከዚያ ፍሬዎቹን፣ ፍሬዎቹ ተንከባለው እንዳይፈስሱ ደግሞ ስስ ካርቶን ከላይ አድርጌ ምላጩን ሳብኩ። ጭሱ ሲገፈፍ ሄጄ አየሁት። የሣልኳት ወፍ ንክች አላላትም! ቀዳዶቹ ዙሪያዋን ከበዋታል፤ የቀሩት ፍሬዎች ወረቀቱንም አልነኩት። ደጋግሜ ብተኩስም መልኩ ያው ነው፤ መሀሉ የሳሳ፣ ዳሩ የተበተነ ቀለበት።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ ስሌቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የእኔ አፈሙዝ ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዩ በ122 ሴንቲ ሜትር አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። እርሳሱ በሰከንድ 300 ሜትር ያህል ፈጥኖ ከወጣ፣ በሰከንድ 245 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል ማለት ነው። አንድ ድብልብል እርሳስ ሲሆን ይሄ ሽክርክሪት እዚያው ውስጡ ይቀራል። ድቃቂ ፍሬዎች ግን ምን ያያይዛቸዋል? እርጥብ ፎጣ ስታሽከረክሩት ውሃው እንደሚረጨው፣ ከአፈሙዙ እንደወጡ ይበተናሉ። ግድግዳውን ተጠግቶ የነበረው ፍሬ ወደ ጎን በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ይዞ ነው የሚወጣው። 20 ሜትር እስኪደርስ ከመሀሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ይርቃል። የቱቦው ስፋት የሚበዛው ደግሞ ወደ ግድግዳው ስለሆነ፣ አብዛኛው ፍሬ ያለው እዚያው ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ስወለውለው ጨርቁ ላይ ጥቁሩ የባሩድ ጥላሸት መሀል ግራጫ የሚያብለጨልጭ ጭረት መጣ። እርሳስ ነው፤ ፍሬዎቹ ቦዩን እየታከኩ ስለወጡ በቦዮቹ መሀል ባለው ጉብታ ላይ ተለጥፎ የቀረ። እሱን ማስለቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ ሙከራ በኋላ ለስላሳ፣ ማለትም ውስጡ ቦይ የሌለው፣ አፈሙዝ ኋላ ቀር ነው የሚለውን አባባል መስማት ያስቆጣኛል። የዚያ ዘመን ሰዎች ቦይ መፈልፈል አቅቷቸው አልነበረም። መልኩም ማነጣጠሪያውም እንደ ባለቦዩ ሆኖ፣ ውስጡ ግን ሆን ተብሎ ልሙጥ የሆነ ጠመንጃ ያሠሩ ነበር፤ አንድ እርሳስ ሲፈልጉ አንድ፣ ወፍ ሲመጣ ድቃቂ ያጎርሱታል። ቦዩ ያለቀበትን አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ውስጡን አስፍተው ልሙጥ ያደርጉታል። ምን እንደሚፈልጉ አውቀው ነው የመረጡት።

እዚሁ ፔንሲልቬንያ፣ ጌቲስበርግ ላይ፣ ሐምሌ 1863 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ፣ የ12ኛው ኒው ጀርሲ ሬጅመንት ወታደሮች የያዙት ባለ ልሙጥ አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር፤ ያውም ሌላው ሠራዊት በአብዛኛው ወደ ባለቦዩ ከተሻገረ በኋላ። ጥይታቸው አንድ ትልቅ እርሳስና ሦስት ትንንሽ በአንድ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። አንዳንዶቹ ወረቀቱን ቀድደው፣ ትልቁን ትተው ትንንሾቹን ብቻ አጎረሱ። ጠላት በቅርብ ሲመጣባቸው ምን እንደሚያዋጣ ያውቁ ነበር። መታሰቢያ ሐውልታቸው አናት ላይ ያ አንድ ትልቅና ሦስት ትንንሽ እርሳስ በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል። ሄዳችሁ እዩት፣ እኔ ብዙ ቆሜ ነው ያየሁት።

አሁን የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የጥንት ሠሪዎች አንዳንዴ ቦዩን ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይፈለፍሉ ነበር። ቦይ አለው፣ ሽክርክሪት የለውም። ያ ዓይነት አፈሙዝ ያለው ሰው ካገኘሁ፣ ያንኑ ፍሬ በዚያው ርቀት ተኩሼበት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስተያያቸዋለሁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።