ስልሳ… አይ፣ ሰባ ሰባት

እንደምን አላችሁ?

ስለ ፈረንሳይኛ ማዳመጥ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የመጣው ሳቄ ነው። በዚህ ነገር እንደኔ የተሸነፈ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እስቲ ከሽንፈቱ ልነሳ።

ትምህርቱን ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሰዋስው እችላለሁ፣ አነባለሁ፣ ትንሽም ጉራ አለኝ። አስተማሪያችን አንድ አጭር የድምፅ መልእክት ከፈተችልን። አንዲት ሴት ስልክ ቁጥሯን ትናገራለች፣ እኛ እንጽፋለን። በቃ፣ ይኸው ነው። የፈረንሳይ ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ ሲናገሩት ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ ነው። ሴትዮዋ «ሷሳንት» አለች። ስልሳ ነው ብዬ 6 ጻፍኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ «ዲሴት» ብላ ቀጠለች። አስራ ሰባት። ስልሳና አስራ ሰባት! ለካ 77 ኖሯል። 6ቱን ሰርዤ 7 ስጽፍ «ካትር ቫን» መጣ። አራት ጊዜ ሃያ፣ 80። 8 ጻፍኩ። «ዲዝ ነፍ» አለችና 99 አደረገችው። የቀረውን አልነግራችሁም። ወረቀቴ ስርዝ ድልዝ ሆኖ ቀረ።

በነገራችን ላይ ቤልጂየሞችና ስዊሶች 70ን «ሴፕታንት»፣ 90ን «ኖናንት» ብለው ገላግለውናል። እግዜር ይስጣቸው።

ያን ቀን «እኔ ጆሮ የለኝም» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ሦስት ሳምንት አንድም ነገር በፈረንሳይኛ አልሰማሁም። መጽሐፉን ግን አልተውኩም፤ እሱ አያዋርደኝም። ታዝባችሁ ከሆነ፣ ማንበብ ሲያቅተን መዝገበ ቃላት እናወጣለን። ማዳመጥ ሲያቅተን ግን ራሳችንን እንሰድባለን።

ስድቡን ያቆመልኝ ምክር አልነበረም። ቋንቋው ምን እያደረገኝ እንደሆነ ሳውቅ ነው ንዴቱ የበረደልኝ። ፈረንሳይኛ በወረቀት ላይ በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ በአፍ ሲሆን ያን ቦታ ይውጠዋል። «ኢል ሶን» እና «ኢል ዞን» የሚሉትን አድምጡ። የመጀመሪያው «ናቸው» ነው፣ ሁለተኛው «አላቸው»። ልዩነታቸው «ሰ» እና «ዘ» ብቻ ነው። ያቺ «ዘ» ደግሞ ከፊተኛው ቃል መጨረሻ ተነስታ ወደ ኋለኛው የዘለለች ፊደል ናት፤ ሌላ ጊዜ ድምፅ የላትም። «አላውቅም» ለማለት መጽሐፉ «ዤ ነ ሴ ፓ» ብሎ ያስተምረናል። መንገድ ላይ የምትሰሙት «ሼ ፓ» ነው። አራቱ ቃል ሁለት ሆነ! «ፕሉ» የምትለዋ ቃል ደግሞ አጻጻፏ አንድ ሆኖ፣ በወዳጅ ወሬ መጨረሻዋ ላይ «ስ» ከተሰማ «ተጨማሪ እፈልጋለሁ»፣ ካልተሰማ «ከእንግዲህ አልፈልግም» ልትሆን ትችላለች። ምግብ ለሚያቀርብላችሁ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛስ? «የት ነው ምትሄደው» ስንል «የ»ዋን ማን በላት? «አለ» ብለን ጽፈን፣ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው ስናላላውና ስናጠብቀው አይደለም እንዴ? አማርኛ የሚማር እንግዳ ሰው ፊት ላይ ያለውን ግራ መጋባት ታውቁታላችሁ። ያን ሰው ጆሮ የለህም አንለውም።

ሞራላችንን የሚገድለው ሌላው ነገር መለኪያችን ነው። ሁሉንም ካልሰማሁ አልሰማሁም እንላለን። ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና ተመልከቱ። ማዳመጥ ከ100ው 25 ነጥብ ይይዛል። ለማለፍ በድምሩ 50 ይበቃል፤ በየትኛውም ክፍል ግን ከ5 በታች መውረድ የለም። ፈታኞቹ ያልጠየቁንን ነው እኛ ራሳችንን የምንጠይቀው።

አንድ ኃጢአት ደግሞ ልናዘዝ። ለወራት ፊልም እያየሁ «አዳመጥኩ» እያልኩ ነበር። ከስር የትርጉም ጽሑፍ እየሮጠ! ዓይን ሲያነብ ጆሮ ይተኛል። ፊልሙ ሲያልቅ ታሪኩን እናገራለሁ፣ አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ግን አልደግምም። ለመዝናናት ይሁን፣ አልቃወምም። በልምምድ ሰዓት ግን አትቁጠሩት።

ለኔ የሠራው በጣም ትንሽ ነገር ነው። አርኤፍአይ የተባለው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የተዘጋጀ የ10 ደቂቃ ዜና ነበረው፣ ከነጽሑፉ። እኔ አስሩንም ደቂቃ አልሰማም፤ አንድ ዜና፣ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እሰማለሁ። ቀጥሎ ጽሑፉን እያየሁ፣ ያመለጠኝ ቦታ ላይ አቆማለሁ። እዚህ ላይ ነው ሥራው። ያመለጠኝ ቃሉን ስለማላውቀው ነው? ወይስ የማውቀው ቃል ተጣብቆ ስለመጣ? አብዛኛውን ጊዜ የማውቀው ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ። ያናድዳል፣ ግን ደስም ይላል። በመጨረሻ ጽሑፉን ዘግቼ እንደገና እሰማለሁ። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግም ነውር የለውም፤ መልሳችሁ ከፍ ማድረጉን አትርሱ እንጂ።

ስልቹነት የሚመጣባቸው ቀናት አሉ። በነዚያ ቀናት አዲስ ነገር አልከፍትም። የድሮውን እከፍታለሁ። ከወራት በፊት ያቃተኝን ድምፅ ከነቀኑ አስቀምጬዋለሁ። ማዳመጥ እንደ ቁመት ነው፤ በየቀኑ መስታወት ፊት ብትቆሙ ማደጋችሁ አይታያችሁም። የድሮው ሱሪ ነው የሚነግራችሁ።

ያቺን የስልክ ቁጥር መልእክት አስተማሪዬን ለምኜ ወስጃት ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ማታ ከፈትኳት። ወረቀት አልያዝኩም። «ሷሳንት ዲሴት» ስትል 77 ብሎ ራሱ መጣ። 99ኙም መጣ። አሥሩም አሃዝ አለቀና ልዘጋው ስል፣ ሴትዮዋ «ዤ ሬፔት» አለች። «እደግመዋለሁ» ማለት ነው። ከዚያም ቁጥሩን ከመጀመሪያው፣ ረጋ ብላ ደገመችው።

ያን ቀንም ደግማው ነበር ማለት ነው። እኔ 6ቱን ስሰርዝ አልሰማኋትም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ቁጥር ብቻ እንዳታስጽፉኝ።