የታዳጊዎች ጀርባ፣ ወገብና ጉልበት፦ የካይሮፕራክተሩ መልስ ለአድማጮች

በዛሬው የአድማጮች ሰዓት መስመሩን ያጨናነቁት የታዳጊ ወላጆች፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ኳስ ተጫዋች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ መልሶቼን ደግሞ በአየር ላይ ካልኩት ትንሽ ሰፋ አድርጌ አቅርቤያለሁ። ሙያውን ለማያውቁት፣ ካይሮፕራክቲክ በእጅ መገጣጠሚያዎችን፣ በተለይም አከርካሪን የሚያክም ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ የጀመረው ነው። እያደገ ያለ ልጅ ግን አጥንቱ ገና አልጠናም። ስለዚህ እጄን ከማሳረፌ በፊት ሁልጊዜ የማጣራው ሁለት ነገር አለ፤ ሕመሙ ከምን እንደመጣና ልጁ ምን ያህል ማደግ እንደሚቀረው።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ14 ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። ጀርባው ጎብጧል። ‹ቀጥ በል› እያልኩ አፌ ደረቀ። እርስዎ ጋ ባመጣው ይቃናልኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እቤት አንድ ነገር ይመልከቱ። ልብሱን ከላይ አውልቆ በሆዱ ይተኛና እጁን ሳይደገፍ ደረቱን ከመሬት ቀና ያድርግ፤ እርስዎ ከጎን ሆነው ይዩት። ጉብጠቱ ከተዘረጋ፣ ነገሩ በአብዛኛው የአቀማመጥ ልማድና የጀርባ ጡንቻ መድከም ነው። እንደዚያም ተኝቶ ካልተዘረጋ፣ ቆሞ ወደፊት ሲያጎነብስም ከጎን ሲታይ እንደ ሹል ነገር ከወጣ፣ ሾየርማን የሚባለው ሊሆን ይችላል። ስሙ ከዴንማርካዊው ሐኪም ከሆልገር ሾየርማን የመጣ ነው። በእድገት ጊዜ የአከርካሪ አጥንቶች ከፊት በኩል ቀጥነው የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛሉ፤ በተለመደው መለኪያ ቢያንስ 3 ተከታታይ አጥንቶች እያንዳንዳቸው 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሸበልቁ በራጅ ይረጋገጣል። እንዲህ ከሆነ የአጥንት ሐኪም ይየው። የተሸበለቀ አጥንት በእጅ ግፊት አይመለስም፤ የሚያስፈልገው የጀርባ ማጠንከሪያ ልምምድ፣ አንዳንዴም ደጋፊ ጃኬት ነው።

ልማድ ከሆነ ግን አይጨነቁ። በአውስትራሊያ የ1108 የ17 ዓመት ወጣቶች አቀማመጥ ተለክቶ ከአንገት ሕመም ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ጎበጥ ብለው የሚቀመጡት ቀጥ ብለው ከሚቀመጡት የበለጠ አንገታቸውን አላመማቸውም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው የታየው፤ ቀጥ የሚሉት ስፖርት የሚያዘወትሩ ሲሆኑ፣ ጎበጥ ከሚሉት መካከል የድብርት ምልክት ያለባቸው በዝተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጅዎ ከመጉበጡ ጋር ዝምታ ካበዛ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ስለ ጀርባው ከመናገርዎ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብለው እንዴት እንደሆነ ይጠይቁት።

ልጅን የሚጎዳው በአንድ አኳኋን ለሰዓታት መቆየት ነው፤ ቀጥ ብሎም ቢሆን። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ በሳምንት 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲኖር ይመክራል። ወደ ራስ የሚሳቡ ልምምዶች፣ ለምሳሌ በላስቲክ መጎተት ወይም ዘንግ ይዞ መንጠልጠል፣ ለላይኛው ጀርባ ጥሩ ናቸው። የላይኛው ጀርባው ደርቆ ልምምዱን መሥራት ካቃተው እኔ ጥቂት ጊዜ በእጅ ላፍታታው እችላለሁ። «ቀጥ በል» የሚለውን ግን ይተዉት፤ ልጁ ስለ ሰውነቱ እንዲያፍር እንጂ እንዲቃና አያደርገውም።

ጥያቄ፦ «ለ12 ዓመት ተኩል ልጄ ቀሚስ ሳስለካ አንዱ ትከሻዋ ከፍ ብሎ አየሁ። ምንም አያማትም። አከርካሪዋን ቢያስተካክሉልኝ ብዬ ነው።»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ማንም እናትና አባት እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ ጊዜ የሚወስነው ጉዳይ ነውና።

ልጅቷ ጀርባዋ በሚታይ ልብስ፣ በባዶ እግሯ፣ እግሮቿን ገጥማ ትቁም። ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ መዳፎቿን አጋጥማ ቀስ እያለች ወደፊት ታጎንብስ። እርስዎ ከኋላዋ ቁጭ ብለው ዓይንዎን ከጀርባዋ ጋር ያስተካክሉና ከላይ እስከ ወገብ በዓይንዎ ይከተሉ። የጎድን አጥንቱ በአንድ በኩል እንደ ጉብታ ከፍ ካለ፣ ወይም ወገቧ ጋ አንዱ ጎን ከሌላው ከበለጠ፣ ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም፣ መኖሩን ለማጣራት ራጅ ያስፈልጋታል። ራጁ ቆማ የሚነሳ፣ አከርካሪዋን ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ መሆን አለበት።

ኩርባው የኮብ ማዕዘን በሚባለው መለኪያ ይለካል፤ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ100 ታዳጊዎች 2 ወይም 3 ላይ ይገኛል። በአብዛኞቹ መንስኤው አይታወቅም፤ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ስላንጠለጠለች ወይም ጠማማ ስለተቀመጠች የመጣ አይደለምና እርስዎም ልጅቷም ራሳችሁን አትውቀሱ። ትንንሽ ኩርባዎች በወንዱም በሴቷም ይታያሉ፤ እየባሰ ሄዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ግን በሴቶች ላይ በጣም ይበዛል።

የወር አበባ ጀምራለች ወይ? ይህን የምጠይቀው ቁመት በፍጥነት የምታወጣው በአብዛኛው ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት ስለሆነ ነው። ኩርባም የሚባባሰው ያኔ ነው። እድገቷ ገና ከሆነና ኩርባው ትንሽ ከሆነ ሐኪሙ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየደጋገመ ይከታተላታል። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከሆነ ደጋፊ ጃኬት ይታዘዛል። ጃኬቱ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥሩ መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ትልቅ ጥናት ጃኬት ካደረጉት መካከል 72 በመቶው ኩርባቸው ከ50 ዲግሪ በታች እንዳለ እድገታቸውን ጨርሰዋል፤ በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን 48 በመቶው። በቀን ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደረጉት ደግሞ ከ10 ዘጠኙ ተሳክቶላቸዋል። ከ45 ወይም 50 ዲግሪ ሲያልፍ የቀዶ ሕክምና ወሬ ይነሳል።

በእጅ የሚሰጠው የእኔ ሕክምና ኩርባን ስለማቅናቱ ወይም ስለማስቆሙ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ስኮሊዮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው ሲይዘው ማፍታታት እችላለሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። እያደገች ያለች ልጅ ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ወር ካሳለፈች ጃኬቱ የሚጠቅምበት ጊዜ ሊያመልጣት ይችላል። ቀጠሮዎን ከአጥንት ሐኪም ጋር ያድርጉት፤ በዚህ ወር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «16 ዓመቴ ነው፣ ተከላካይ ነኝ። ረጅም ኳስ ስመታና ወደ ኋላ ስለመጥ ወገቤን በስተቀኝ ይወጋኛል። ሁለት ወር ሆነው። ጓደኛዬ ‹ሄደህ ቋ አስደርገው፣ ይለቅሃል› ይለኛል። ጨዋታም አለብን።»

መልስ፦ ልጄ፣ አሁን ማንም እንዳይነካው። እኔም ጭምር። ወደ ኋላ ስትለመጥ የሚብስ፣ በስፖርት የሚቀሰቀስ፣ ሳምንታት ያለፈው የታዳጊ ወገብ ሕመም ስፖንዲሎላይሲስ አለመሆኑ መጣራት አለበት። ሽቦ ደጋግመህ ስታጣጥፈው እንደሚሰነጠቀው፣ በአከርካሪ አጥንት የኋላ ክፍል ያለች ቀጭን ድልድይ በተደጋጋሚ መለመጥና መዞር ትሰነጠቃለች። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው፣ አምስተኛው የወገብ አጥንት ላይ ነው። ብርቅ ነገር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት ወደ ስፖርት ክሊኒክ በወገብ ሕመም ከመጡ 100 ታዳጊዎች 47ቱ ላይ ይህ ጉዳት ሲገኝ፣ ለንጽጽር ከታዩት 100 አዋቂዎች ላይ ግን 5ቱ ላይ ብቻ ነበር። ለአዋቂ ወገብ የሚሰጥ ምክር ላንተ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ገና የጀመረ ስንጥቅ በተራ ራጅ ላይታይ ይችላል፤ ራጁ ንጹሕ ነው ተብለህ ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ እንዲነሳልህ ጠይቅ። ስንጥቅ ከሆነ ከሩጫና ከኳስ ወደ 3 ወር ገደማ ማረፍ የተለመደ ነው። በጊዜ የተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ሕመሙ ሲበርድ የሆድና የወገብ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ከዚያ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ቅብብል፣ መጨረሻ ላይ ረጅም ምት። ምርመራው ስንጥቅ እንደሌለ ካሳየ የዚያን ጊዜ እኔ ጋ ና፤ የምሠራው ይኖረኛል።

ጨዋታው እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁ። ለአሰልጣኝህ ዛሬውኑ ንገረው፤ ብቻህን ይዘኸው አትግባ።

ጥያቄ፦ «የተማሪ ቦርሳ ክብደት ጀርባ ያጎብጣል ይባላል። ስንት ኪሎ ነው ልኩ?»

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ባይበልጥ ነው፤ ለ45 ኪሎ ልጅ ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። በሁለቱም ትከሻ ይያዝ፣ ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባው ይጠጋ። እስካሁን ያሉት ጥናቶች ግን ቦርሳ የጀርባ ሕመም እንደሚያመጣ አላሳመኑም፤ ቦርሳ ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ቁጭ ብሎ ከሚውለው የተሻለ ይንቀሳቀሳል።

ጥያቄ፦ «‹ቋ› የሚለው ድምፅ አጥንቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው? አንገት ላይስ አያስፈራም?»

መልስ፦ አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሳብ ግፊቱ ድንገት ይወርድና የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁ የዚያ ነው። ቦታውን የለቀቀ አጥንት አልነበረም፣ የተመለሰም የለም። ድምፅ ስላልተሰማም ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ማመም የተለመደ ነው። አንገት ላይ በፍጥነት የማዞር ሥራ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ደም ከሚወስደው የደም ሥር መሰንጠቅ ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል። እኔ በታዳጊዎች አንገት ላይ ዝግ ያሉ፣ ለስላሳ ዘዴዎችን ነው የምመርጠው። ልጆች እርስ በርስ አንገት እየጠመዘዙ «ቋ» ሲያደርጉ ካያችሁ አስቁሟቸው።

ጥያቄ፦ «የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነኝ። ከ11 እስከ 13 ዓመት ካሉት ብዙዎቹ ከጉልበታቸው ሎሚ በታች ወይም ተረከዛቸውን ያማቸዋል። ላሳርፋቸው?»

መልስ፦ ከሎሚው በታች፣ ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ አብጦ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ኦስጉድ-ሽላተር ነው፤ ተረከዝ ላይ ያለው ሲቨር ይባላል። ሁለቱም ልጁ ቁመት ሲያወጣ ገና ያልጠነከረውን የማደጊያ ቦታ ጅማቱ ደጋግሞ ሲስበው የሚመጡ ናቸው። እድገቱ ሲያልቅ በአብዛኛው ይጠፋሉ። ሙሉ በሙሉ ከማሳረፍ ዝላይንና ፈጣን ሩጫን መቀነስ ይሻላል። ሕመሙ ቀላል ከሆነና በማግስቱ ካልባሰ ይጫወት፤ እያነከሰ ከሆነ ይውጣ። አከርካሪ ላይ የሚሠራ ሕክምና ለዚህ አያስፈልግም።

የሚሰለጥኑበትን ሰዓትም ይቁጠሩ። የተደራጀ ስፖርት በሳምንት ከልጁ ዕድሜ ቁጥር የበለጠ ሰዓት ባይወስድ ጥሩ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ በሳምንት በድምሩ ከ12 ሰዓት በላይ አይሰልጥን። ለ14 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትክክል ከተሠራ ጉዳትን በሚታይ መጠን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ «ልጄን ለወገብ ሕመም አንድ ካይሮፕራክተር ጋ ወሰድኩት። ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ይምጣ፣ ክፍያውንም በቅድሚያ ጨርስ አሉኝ። ልክ ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ አልቀበለውም ነበር። የዓመት ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን አይወጣም። 185 ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ልጆች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ ልምምድ ብቻ፣ ግማሾቹ ልምምድና የእጅ ሕክምና ለ12 ሳምንት አገኙ። ሁለቱም ቡድን ተሻለው፤ የእጅ ሕክምና የተጨመረላቸው በዓመቱ ውስጥ ትንሽ ብልጫ አሳዩ። ጥቅሙ አለ፣ ግን መጠኑ ያ ነው፤ ልምምድም አብሮት ነበር። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ታይቶ ለውጥ ከሌለ ቆም ብሎ እንደገና መመርመር ይገባል። ልጅዎ እቤት የሚሠራው ልምምድ ካልተሰጠው፣ ወይም ሕመሙ ለቀቀው ከተባለ በኋላም «ለጥገና» እየተባለ ከተጠራ፣ ሌላ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «የ15 ዓመት ልጄ ሌሊት በጀርባ ሕመም ይነቃል። ቀን ደህና ነው። ማስታገሻ ሲውጥ ይተወዋል። ልጠብቅ?»

መልስ፦ አይጠብቁ፣ እናቴ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የታዳጊ ጀርባ ሕመም ወደ እኔ ዓይነት ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሌሊት የሚብስና በማስታገሻ ቶሎ የሚለቅ ሕመም አንዳንዴ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ ከምትባል ትንሽ፣ ካንሰር ካልሆነች የአጥንት ዕጢ ይመጣል፤ ስትገኝ በደንብ ትታከማለች። ኢንፌክሽንና ሌሎች ከባድ ነገሮችም መጣራት አለባቸው። ትኩሳት ካለው፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ በዚህ ሳምንት ያሳዩት። እግሩ ከደከመ፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ ከደነዘዘው፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚቀሰቅሰውና የሚውጠውን ማስታገሻ ስም ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።