ትራምፔትን እንደ ማሲንቆ ማናገር

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ከኋላ አንዲት ታንኳ ቀስ ብላ ታልፋለች።]

እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ኖታ ነው። ሶል።

[ድምፅ፦ ሶል፣ ቀጥ ብሎ።]

ልክ ነው፤ ግን ምንም አልነገረንም። አሁን ይሄን ስሙት።

[ድምፅ፦ ያው ሶል፣ ከታች ተስቦ መጥቶ፣ መጨረሻው እየወረደ።]

ኖታው ያው ነው። የተለወጠው አገባቡና አወጣጡ ነው። ጃዝ ኢምፕሮቫይዝ ስናደርግ፣ ማለትም እዚያው እየፈጠርን ስንጫወት፣ ሰው ቀና ብሎ የሚሰማን እዚህ ጋ ነው።

አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ጣት ክሩን በጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ድምፁ እንደ ልብ ይንሸራተታል። ትራምፔት ግን ሦስት ቫልቭ፣ በጣት የሚጫን ቁልፍ፣ ነው ያለው፤ ወይ ትጫኑታላችሁ ወይ ትለቁታላችሁ። እንዲንሸራተት ከፈለጋችሁ ቫልቩን ግማሽ ድረስ ብቻ መጫን አለባችሁ።

እስቲ ሞክሩት። ከሶል ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለው ፋ ሻርፕ በሁለተኛው ቫልቭ ይነፋል፤ ሶል ሁሉም ተለቆ። ፋ ሻርፕን ንፉና ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ትንፋሹ እንዳይቋረጥ! መሃል ላይ ድምፁ ይታፈናል፣ ይቀጥናል፣ የሚያለቅስ ይመስላል። አትሽሹት፤ የምንፈልገው እሱን ነው። በዱክ ኤሊንግተን ባንድ የተጫወተው ሬክስ ስቱዋርት ስሙ የሚነሳው በዚሁ በግማሽ ቫልቭ ነው።

[ምስል፦ ጣቶች ቫልቭ ላይ፣ በቅርበት።]

መውረዱ ደግሞ እንዲህ ነው። ኖታው ሊያልቅ ሲል ከንፈር ይላላ፣ ቫልቮቹ ግማሽ ይጫኑ፣ ትንፋሽ ይቀጥል። ይህን ሐረጉ መጨረሻ ላይ ብቻ አድርጉት። አዝማሪም እያንዳንዷን ቃል አይስባትም፤ ቤት መምቻዋ ላይ ነው የሚያንቆረቁራት። ትራምፔት ነፊውን ሉዊ አርምስትሮንግን ስሙት፦ ረጅሙን ኖታ ቀጥ አድርጎ ይይዝና መጨረሻው ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ሌላው ትራምፔት ነፊ ማይልስ ዴቪስ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያንቀጠቅጥም። ለዚህ ነው ኖታዋን ትንሽ ሲያጎብጣት አንጀት የምትበላው።

በጉሮሮ እያጉረመረሙ መንፋትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ትራምፔት ነፊው ባበር ማይሊ ይህን የትራምፔቱን አፍ ከሚጋርድ ጎማ ማፈኛ ጋር አዋህዶ ትራምፔቱን እንደ ሰው አናገረው። ጉሮሮ ስለሚያደክም ለጀማሪ አልመክረውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐይቅ ዳር ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። የተሰማችሁ ስለማይመስላችሁ ከአቅም በላይ መንፋት ይመጣል፤ ከንፈርም ቶሎ ይዝላል። ቀለል አድርጉት።

ልምምዱ በትዝታ ቅኝት ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። መጀመሪያ በአፋችሁ አዚሙት። ከዚያ አራት ሐረግ ንፉ። ሦስቱን ቀጥ አድርጉ። አራተኛው ላይ ሶልን ብቻ ከታች ሳቧት።

[ድምፅ፦ አራቱ ሐረጎች። ከመጨረሻው ሶል በኋላ የውሃው ድምፅ ብቻ።]