ሙሉ ረመዳን የጾመች ሙሽራ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ቬንትሌተሩ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት እሱን አጥፍቼ እንድቀዳ የምትጠብቁ ካላችሁ ተስፋ ቁረጡ።

ስለ ቀረ የወር አበባ ላወራ ነው። ለማታውቁኝ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይህን ጉዳይ ይዛ የመጣችን ሴት ገና ከደጅ እለያታለሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ መደርደሪያው ላይ ያለውን የጥርስ ሳሙና ሁሉ ታነባለች። ከዚያ ፓናዶል ትላለች። ቫዝሊን ትጨምራለች። መልሷን ቆጥሬ ስሰጣት፣ ያኔ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ ያቺ በሽንት የምትታየዋ አለች?» ትለኛለች፤ የእርግዝና መመርመሪያዋን ማለቷ ነው። ያለ ፓናዶሉም እሸጥልሽ ነበር እኮ!

ግን አልፈርድባትም። በእኛ ከተማ የሴት ወር የራሷ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አዲስ ሙሽራ ረመዳንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን ሳትፈታ ከጾመች፣ አማቷ ከእሷ ቀድማ አውቃለች። ወሩ ሲያልቅ ቀዷ፣ ማለትም በወር አበባ ምክንያት ፈትታ በኋላ የምትተካው ጾም፣ የሌለባት ሙሽራ ለግቢው ትልቅ ዜና ናት። ክርስቲያኖቹም ጋ ያው ነው፤ እሁድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ከቅጥሩ ውጭ የቆመችውን ሰው ያያል፣ ስንት ሳምንት ሙሉ ውጭ ሳትቆም የከረመችውንም ሰው ያያል። እናቴ ያደገችበት የመጋላ ግቢ ለሁሉም ቤት አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበረው። እዚያ ምን ሚስጥር ይኖራል? ደግሞ በክፋት አይደለም። አክስቴ «ምነው ዘንድሮ ቡና ሸተተሽ?» ስትል ዓይኗ በደስታ ነው የሚያበራው። ያቺ የተጠየቀችው ልጅ ግን ያን ማታ እንቅልፍ የላትም።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሰው እየቆጠረ፣ ልክ የሚቆጥር አላገኘሁም።

ብዙዎቻችን በቀኑ ቁጥር ነው የምንሄደው። «እኔ ወር በገባ በ10 ነው የማየው» ትላለች። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ነገሩ ልክ ይመስላል። ዑደቷ 32 ቀን የሆነች ሴት ግን ጥቅምት 10 ካየች ኅዳር 12፣ ከዚያ ታኅሣሥ 14 ነው የምታየው። ምንም ሳይዛባባት በየወሩ «ዘገየብኝ» እያለች ስትሳቀቅ ትኖራለች። ጳጉሜ ስትመጣ ደግሞ ይገለበጣል። ነሐሴ 10 አይታ መስከረም 10ን የምትጠብቅ ሴት 35 ቀን ነው የምትጠብቀው፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 36። እውነት የዘገየባትም እንቁጣጣሽን በሰላም ታከብራለች። የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤነኛ ነው። ማየት ከጀመረች ጥቂት ዓመት ለሆናት ልጅ 45 ቀንም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅሽን በክንዷ እየጎተትሽ የምትመጪ እናት፣ መጀመሪያ አረፍ በይ፣ ውሃ ጠጪ። ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ አናግሪያት፤ በሰው ፊት አይደለም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት የወር አበባዋ ሲዘገይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ደም እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙም አይነቃነቅም። የሚሳበውና የሚያጥረው ከእሱ በፊት ያለው ነው። ሐዘን ላይ ተቀመጥሽ፣ ፈተና ደረሰ፣ ሰውነትሽ በአንዴ ከሳ፣ ወይም በ2011 ክረምት ድሬን እንዳስተኛት እንደ ቺኩንጉንያ ያለ ትኩሳት ጣለሽ፤ ያኔ ሰውነት «አሁን ጊዜው አይደለም» ብሎ እንቁላሉን ያቆየዋል። ደሙ ሲዘገይ የምታዪው የዚያን መዘዝ ነው። ስለዚህ ቀኑ ካለፈ በኋላ መጨነቅ ስትጀምሪ «ጭንቀቱ ነው ያስቀረው» የሚሉሽን አትስሚ። ጭንቀት ካስቀረው፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ጭንቀት ነው።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። እንቁላሉ ከዘገየ የሚያስረግዘውም ቀን አብሮት ይዘገያል። የወንድ ዘር በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ነው። «14ኛው ቀን አልፎኛል፣ ምንም አይመጣም» ብላ የተማመነች ሴት፣ እንቁላሏ የወጣው በ20ኛው ቀን ቢሆንስ?

መቼ ልመርመር ለምትሉኝ፣ ዑደትሽ የተስተካከለ ከሆነ ቀኑ ካለፈበት ዕለት ጀምሮ። የተዘበራረቀ ከሆነ የቀረውን ቀን ተዪውና ያለ መከላከያ ከተገናኛችሁበት ከመጨረሻው ዕለት 21 ቀን ቁጠሪ። ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን መታየት የሚጀምረው ፅንሱ ማኅፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ያድጋል። ዛሬ አንድ መስመር አሳይቶ ሳምንት ቆይቶ ሁለት የሚያሳየው ለዚህ ነው፣ አላሳሳተሽም፣ ቸኩለሽ ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ፈዘዝ ያለች ሁለተኛ መስመርም መስመር ናት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን አትዩት፤ ሲደርቅ የማይታመን ጥላ ሊያወጣ ይችላል። ደግሞ የእኛው የድሬዎች ጣጣ አለ፤ ማሸጊያው ከ30 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ ይላል። ገዝታችሁት ሰኔ ላይ ቦርሳ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ አታክርሙት።

ዲፖ የሚባለውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጉ፣ ደም መቅረቱ የመርፌው ጠባይ ነው፣ የታመቀ ደም የለም። መርፌውን ስታቆሙ ለማርገዝ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ፖስት ፒልም፣ ያ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ድንገተኛ መከላከያ፣ ቀኑን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል፤ ከሳምንት በላይ ካለፈ ተመርመሩ። የምታጠቡ እናቶች «ሳላይ አረገዝኩ» ስትሉ አምናችኋለሁ፤ እንቁላል የሚወጣው ከደሙ በፊት ነው። ማጥባት የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ ጡት ብቻ ቀንም ሌሊትም እየጠባ፣ እናቲቱም ገና ሳታይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ዘዴ ፈልጉ። ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ወርሽ ቀርቶ፣ ከእምብርት በታች በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ደም ጠብ ጠብ ካለ፣ ካዞረሽ ወይም ትከሻሽን ካመመሽ፣ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሊሆን ይችላል። ማንንም አታማክሪ፣ ወደ እኔም አትምጪ። ቀጥታ ድል ጮራ ወይም የቀረበሽ ሆስፒታል።

ሁለት መስመር ከወጣና ከተደሰትሽ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው የእርግዝና ክትትል ጀምሪ፣ ፎሊክ አሲድም ውሰጂ። ካልፈለግሽውም በጊዜ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ መደፈር አንዱ ነው። በጓሮ የሚሸጥልሽ ሰው ይህን አይነግርሽም።

ወንዶቹስ? ይመጣሉ፣ ይመጣሉ። ባጃጁን ሳያጠፋ ዘሎ የሚገባው አለ፣ ሁለት ገዝቶ «አይደለም የሚለው የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ። ሁለቱም አንድ ናቸው ወንድሜ፣ አንዱን ለእሷ ስጣት፣ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጥ። እና አብረሃት ቆይ፣ ወጥተህ ከደጅ አትደውልላት። ሳምንት እንገናኝ፤ ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልኝ፣ ስም አልጠራም።