የ200 ካሬ ጫካ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጓሮ ፍራፍሬ ባወራሁበት የሬዲዮ ሰዓት ስልኩ ጋብ አላለም። ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎች ነበሩ። በጥድፊያ የመለስኳቸውም አሉ። አዘጋጇ «በጽሑፍ ጨርስላቸው» ስላለችኝ ይኸው። የደዋዮቹን ስም ትቼ የሐዋሳ ሰፈራቸውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

ከዳቶ፣ አዲስ ቤት የሠሩ አባት፦ «ቦታዬ 200 ካሬ ነው። ግማሹን ቤቱ በልቶታል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ዘይቱና፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ካዝሚርና ቡና መትከል አስቤያለሁ። ሁሉም ይገባሉ?»

ችግኝ እያሉ ሁሉም ይገባሉ አባቴ። ጣጣው የሚመጣው በስምንተኛው ዓመት ነው። አቮካዶ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ማንጎ ደግሞ 8 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። የእርስዎ ባዶ ቦታ ቢበዛ 10 በ10 ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። እኔ ብሆን አቮካዶውን ነው የምይዘው። ማንጎ ሙቀት ይወዳል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ታበቅለዋለች፣ ግን እንደ አርባ ምንጭ አታንቀባርረውም።

ይሄን የምለው ተቃጥዬ ነው። የመጀመሪያ ቤቴ ውስጥ ማንጎ ከግንቡ 2 ሜትር ላይ ተክዬ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ቅርንጫፉ የጎረቤትን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያድር ጀመር። ጎረቤቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ሦስት ወር ታገሡኝ። በመጋዝ ያወረድኩት አበባ ባወጣበት ሳምንት ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠባብ ጓሮ ቦታ የሚገኝበት ወደ ላይ ነው። ሲዳማ ገጠር ዘመድ ካለዎት ሲሄዱ ጓሮውን ቆም ብለው ይዩት። ከላይ ዋንዛና ብርብራ አሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ አቮካዶ፣ ከዚያ ቡናና እንሰት፣ መሬቱ ላይ ጎደሬ፣ ጎመንና ዱባ። እንሰቱ ቤቱን ተጠግቶ ነው የሚተከለው፤ አመዱና ፍጉ ቶሎ ይደርሰዋላ! ዲላ ዙሪያ ያለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ አንዱ ምክንያት ይሄው የዛፍ፣ የቡናና የእንሰት አብሮ መኖር ነው። በስልክ ቪዲዮ «የምግብ ጫካ» ተብሎ እንደ አዲስ ነገር የሚመጣልን የአያቶቻችን ጓሮ ነው።

ወደ እርስዎ ቦታ ስመለስ፣ አቮካዶው ምዕራብ ጥግ ላይ ይሁን። የከሰዓቱን ፀሐይ ከቤቱ ላይ ይከላከላል። ከሥሩ አራት አምስት እግር ቡና ይግባ፤ ቡና ጥላ አይጠላም። ብርቱካንና ዘይቱና ፀሐይ ካላገኙ ስለማያፈሩ በምሥራቅ በኩል ይሁኑ። ሙዙ የገላ መታጠቢያ ውሃ በሚወርድበት ይቁም። ካዝሚሩ ይቅር፣ እሱም ግዙፍ ዛፍ ነው። አቮካዶው እስኪሰፋ ድረስ ክፍተቱን ፓፓያ ይያዝልዎት።

ከአቶቴ፣ እናት፦ «ከፍሬው ዘርቼ ያሳደግኩት አቮካዶ ሰባት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ በአበባ ተሸፈነና ሁሉም ረገፈ። ልጆቼ ይቆረጥ ይላሉ።»

ልጆቹ መጋዙን ያስቀምጡት እናቴ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ አሥር ዓመትም ሊያስጠብቅ ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ችግኝ ነው በሦስት በአራት ዓመት የሚደርሰው። ደግሞ አበባ መርገፉ በራሱ በሽታ አይደለም። ደህና በሚያፈራ ዛፍ ላይ እንኳ ከመቶ አበባ አንዱም ፍሬ አይሆንም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለቴ ይከፈታል፣ አንዴ ሴት ሆኖ፣ አንዴ ወንድ ሆኖ። የአንዱ ወገን ዛፍ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይመለሳል። የሌላው ወገን ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ነው። ሃስ የሚባለው የአቮካዶ ዓይነት ከመጀመሪያው ወገን ነው። ኤቲንገርና ፉዌርቴ ከሁለተኛው። ሁለቱ ወገኖች ሲጎራበቱ ንብ ታገናኛቸዋለች። ብቻውን የቆመም ሊያፈራ ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው ሲያብብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አበባ ቀረብ ብለው ይዩ። መሃሉ ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻ ቆሞ፣ ዙሪያውን ያሉት ክሮች ወደ ውጭ ከተኙ ሴት ነው። ክሮቹ ቀጥ ብለው ቢጫ ዱቄት ከያዙ ወንድ ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግመው ይዩ። የዛፍዎ ወገን ከታወቀ፣ ችግኝ ጣቢያ ከሚሠሩት አዳቃዮች አንዱን ጠርተው ከሌላው ወገን አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ያስዳቅሉበት። እዚያው ዛፍ ላይ ጋብቻው ይፈጸማል ማለት ነው። አበባ ላይ እያለ ግን ፀረ ተባይ አይርጩ፤ አማላጆቹን ንቦች ይጨርሷቸዋል።

የዳቶው አባትም ይሄን ይስሙ። ጎረቤትዎ አቮካዶ ካላቸው ዓይነቱን ይጠይቁና ሌላውን ወገን ይግዙ።

ከታቦር፣ ወጣት፦ «ፓፓያዬ ዓመት ሙሉ ያብባል፣ አንድም ፍሬ የለውም።»

አበባው ረጅም ዘለላ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው? እንግዲያው ወንድ ነው፣ አትድከምበት። የሴቷ አበባ ወፈር ብሎ ግንዱ ላይ ልጥፍ ይላል። ችግኝ ሳሉ መለየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ተክለህ፣ ሲያብቡ ጾታቸውን አይተህ የማትፈልጋቸውን የምትነቅለው። ሴቶች ብቻ ከሆኑ ግን በአካባቢው አንድ ወንድ ይተው።

ከፒያሳ፣ ወጣት ሴት፦ «አልሞንድና ዋልነት ገበያ ላይ እሳት ነው። ጓሮዬ ልትከላቸው? አፕልስ?»

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ሦስቱም ደህና አድርገው ለማበብ ብርድ ያለበት የእንቅልፍ ወቅት ይፈልጋሉ። የጨንቻ አፕል ስሙ የገነነው ቦታው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ነው። ሐዋሳ ላይ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ሊያጃጅልሽ ይችላል። ካሹ ደግሞ በተቃራኒው የቆላ ሰው ነው፣ የእኛ አየር ይበርደዋል።

ለውዝ ነክ ነገር ካማረሽ ማከዳሚያ ሞክሪ። የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ የእኛን ዓይነት አየር ይችላል። የተዳቀለው አራት አምስት ዓመት ያስጠብቃል። ቅርፊቱ ለጥርስ የሚቀመስ አይደለም፣ መዶሻ አዘጋጂ። ውሻ ካለሽ ፍሬውን እንዳይበላ፤ ለሰው ምግብ ነው፣ ውሻን ግን ይመርዛል። እስከዚያው ከዛፎቹ መሃል ኦቾሎኒ ዝሪ። ዛፍ አይደለም፣ ግን በአንድ ክረምት ይደርሳል፣ መሬቱንም ያለማል።

ከሐይቅ ዳር፣ አባወራ፦ «ሁለት ጊዜ የተዳቀለ አቮካዶ ገዝቼ ተከልኩ። ሁለቱም ነሐሴ ላይ ቢጫ ሆነው ደረቁ። ውሃ አላጎደልኩባቸውም።»

ገዳያቸው ውሃው ሳይሆን አይቀርም ጋሼ። የአቮካዶ ሥር መታፈን አይችልም። እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር የሚያበሰብስ ነገር አለ፣ ፋይቶፍቶራ ይባላል፤ ውሃ ከተኛበት ይበረታል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ የሚገኝበት ቦታ ሞልቷል። 60 ሳንቲ ጉድጓድ ቆፍረው አካፋው እርጥብ ጭቃ ካወጣ፣ ጉድጓዱን ይተዉት። ከላይኛው አፈርና ከኮምፖስት ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ጉብታ ሠርተው አናቱ ላይ ይትከሉ። ችግኙ የመጣበትን ላስቲክ መቅደድ አይርሱ። የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከቋጠሮው በታች የሚወጣ ቀንበጥ ይቆንጠጥ። አፈሩን የሚያለብሱበት የሣር ወይም የቅጠል ጉዝጓዝም ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ያም ሆኖ ቦታው ጨቀየት የሚል ከሆነ አቮካዶውን ትተው ሙዝ ቢያስቡ ይሻላል።

ከመናኸሪያ አካባቢ፣ እናት፦ «ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የልብስ እጣቢ ባጠጣስ?»

በረኪና የገባበትን በፍጹም። ሌላውን ለሙዝ ያፍስሱት፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ አይደጋግሙ። ለአቮካዶ አይስጡት፤ ጨው ይጠላል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ለትንሽ ችግኝ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ወግተው፣ ገልብጠው ከሥሩ ይቅበሩለት። ጠብ ጠብ እያለ ይደርሰዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ጊዜ የሚያሳልፈው ጉዝጓዝ ነው። የሙዝ ቅጠልም፣ የደረቀ ሣርም ይሆናል።

ከአሞራ ገደል አካባቢ፣ ደዋይ፦ «ጦጣ ምን ይደረግ?»

መርዝ እንዳያስቡ። ፓፓያው ቢጫ መስመር ሲያወጣ ይቁረጡና ቤት ይብሰል። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ እሱንም ጠንካራ ሳለ ነው የሚለቅሙት። የሙዙን ዘለላ በማዳበሪያ ከረጢት ያልብሱት። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለው ሰው ካለ እኔም መስማት እፈልጋለሁ። እሁድ ሐይቁ ዳር ከእጃችን ሙዝ የምንሰጠው ጦጣ ሰኞ ግንብ ዘሎ ቢመጣ ግን አይፈረድበትም።