የደም ግፊት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው

(በዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ቀን አከባበር ላይ በአንዲት እናት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንግዶች፤ እናንተም በፊዚዮቴራፒ ክፍል በር ላይ ልጆቻችንን ታቅፈን ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅን እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ትምህርት፣ ስለ መጓጓዣና ስለ ሥራ ዕድል እንድናገር ጠይቀውኛል። እናገራለሁ። በቅድሚያ ግን ይህን ካርድ ተመልከቱልኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት በሣጥኔ ያስቀመጥኩት የእርግዝና ክትትል ካርዴ ነው። ስሜ ተጽፏል፤ ክብደቴ ተጽፏል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዴም ተጽፏል። አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አራቱም ቀን ተመዝግቧል። የደም ግፊት የሚጻፍበት ቦታ ግን አራቱንም ጊዜ ባዶ ነው።

በሰባተኛው ወር ፊቴ ማበጥ ጀመረ። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ሞላ አልሽ፣ አማረብሽ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጣቶቼ አበጡ። የጋብቻ ቀለበቴን እህቴ በሳሙና አሟልጫ፣ ቆዳዬ እየተላጠ ነው ያወጣችልኝ። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። አክስቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ፤ በቡናም አጠጣችኝ። አክስቴን አልወቅሳትም፤ የምታውቀውን በፍቅር አደረገችልኝ። በማግስቱ ግን ወደምከታተልበት ጤና ተቋም ሄጄ ራሴን እንደሚፈልጠኝ፣ ዓይኔም ብዥ እንደሚልብኝ ተናገርኩ። «እርግዝና እኮ ነው፤ የተለመደ ነው» ተባልኩ። የደም ግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የክንድ ማሰሪያው በራሱ ቱቦ ተጠምጥሞ እንደተቀመጠ ዛሬም ይታየኛል። ፈትቶ ክንዴ ላይ ያሰረው ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ቤቴ ወለል ላይ ወድቄ ተንቀጠቀጥኩ። የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት እየጫሩ ጭሱን አሸተቱኝ። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ እኔ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ብቻ ነው። መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት ተሰጥቶኝ ተረፍኩ። ልጄ በስምንተኛ ወሩ በቀዶ ሕክምና ወጣ። አላለቀሰም።

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከወለድኩ በኋላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የደም ግፊት 140 በ90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ በሽንትም ፕሮቲን ሲታይ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው ደም ስለሚቀንስ ፅንሱ ምግብና ኦክስጅን ያጥረዋል፤ እናቲቱም እንደ እኔ እስከ መንቀጥቀጥ ልትደርስ ትችላለች። ሐኪሞቹ የልጄ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም አንጎሉ ተጎድቶ ሰውነቱን እንደ ልቡ ማዘዝ አለመቻሉ፣ የመጣው በዚህ ብቻ ነው አላሉኝም፤ ያለ ጊዜው መወለዱም፣ ሲወለድ መታፈኑም አለበት። ያ ማሰሪያ ክንዴ ላይ ቢታሰር ኖሮ ግን እዚህ ባዶ ቦታ ላይ የሚያስደነግጥ ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ የሚደነግጥም ሰው ይኖር ነበር።

ልጄ በስድስት ወሩ አንገቱ አልጸናም፤ በዓመቱ መቀመጥ አልቻለም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መርማሪ ሆነ። ምን በልተሽ ነው? በእርግዝናሽ የት ወጥተሽ ነበር? የማን እርግማን ነው? ልጄን ቅጣት ያሉት አሉ። ልጄ አይናገርም፤ አባቱ ገና ከአጥር ውጭ ሳለ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ኮቴውን ይለይና ይስቃል። ቅጣት እንዲህ ይስቃል ወይ? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔን የመረመረኝ ስንቱ ነው! ይህን ካርድ የመረመረው ግን አንድም የለም። እናቶች፣ እናንተም ተጠይቃችኋል። ከዛሬ ጀምሮ መልስ አትስጡ። እኛ አልተረገምንም፤ አልተለካንም! እናታችሁ ምን አጠፋች ለሚላቸውም ልጆቻችን ባይመልሱ፣ እኛ እንመልስላቸው፦ አልተለካችም!

አዋላጅ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በአንድ ጠዋት ስንት ሴት ተሰልፋ እንደምትጠብቃችሁ አይቻለሁ። መለኪያው ከተበላሸ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ጻፉና ሌላ ቦታ ላኩን። በእግራችንም ቢሆን እንሄዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ስምንት ጊዜ ሄዳ ስምንቱንም ሳትለካ ከተመለሰች ምን ተደረገላት? ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ፣ ከጎድኔ በታች ይወጋኛል ያለችን ሴት ሳትለኩ «የተለመደ ነው» አትበሏት። አደራ።

ስለ ትምህርትና መጓጓዣ ቃል ገብቼ ነበር። ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። እኔ ዛሬም ልጄን በታክሲ የምወስደው የሦስት ሰው ሒሳብ ከፍዬ ነው፤ በአቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት መግቢያም ደረጃ ነው። ስለ ሥራ ዕድል ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ይሻላሉ።

ካርዱን ከፊት ረድፍ ጀምሬ እሰጣለሁ፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። መጨረሻ ላይ ለባለቤቴ አቀብሉልኝ፤ በሩ አጠገብ ልጃችንን ይዞ ተቀምጧል። እኔ ምሳውን ላብላው። ቀጭን ነገር ትን ስለሚለው አጥሚቱን አወፍሬ በትንሽ ማንኪያ ነው የምሰጠው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል።